ሥራ መፈለግ ብቻውን አይበቃም፣ መጻፍም አለበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ሥራ ስላጡ ወገኖቻችን ብዙ እየተወራ ነው። ጋዜጣችሁም ጉዳዩን አንስቶታል፣ ጥሩ አድርጋችኋል። ግን አንድ ነገር ሳይነካ እየታለፈ ስለሆነ ልጽፍ ተነሣሁ። አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው በየሳምንቱ የሚከፈለውን ገንዘብ) ሞልተው መቀበል ከጀመሩ በኋላ ክፍያው የተቋረጠባቸው፣ ከዚያም ብሶ «የወሰዳችሁትን መልሱ» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከማውቃቸው መካከል አብዛኞቹ ሥራ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም። ፈልገዋል፣ ያውም እግራቸው እስኪነቃ። ነገር ግን ፍለጋቸውን የትም አልጻፉትም። ወይም የፈለጉበት መንገድ ገንዘቡን የሚከፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቆጥረው ዓይነት አልነበረም።

እኛ ሥራ የምንፈልገው በሰው ነው። እዚህ አገር የመጣን ቀን የመጀመሪያ ሥራችንን ያስገባን ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ለማናጀሩ ነግሮ ያስገባል፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው እህቷን ትጠራለች፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ቡና እየተጠጣ «እነ እከሌ ጋ ሰው ይፈልጋሉ» ይባላል፣ በማግስቱ ሰውየው ሥራ ይገባል። ይህ መንገድ ሰርቶልናል። ብዙዎቻችን ቤት የገዛነው፣ ልጅ ያስተማርነው በዚህ መንገድ በተገኘ ሥራ ነው። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን አንስቶ የሚያውቃቸውን ሁሉ መደወል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲደውል ይውላል። ማታ ሚስቱ «ምን አደረግህ?» ብትለው ሥራ ስፈልግ ዋልኩ ይላል፣ እውነቱንም ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱንም አይቆጥርለትም።

አንድ ወንድማችን ሆቴል ውስጥ የድግስ አስተናጋጅ ነበር። ከሥራ ሲቀነስ በየሆቴሉ እየዞረ በአካል ጠየቀ። በየደረሰበት «ኦንላይን አፕላይ አድርግ» ይሉታል፣ እሱ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ብዙም ስላልሆነ ወደሚቀጥለው ሆቴል ያልፋል። ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣለት። በእነዚህና በእነዚህ ሳምንታት የት የት እንዳመለከትክ፣ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው የሥራ መደብ፣ ማንን እንዳነጋገርክ አቅርብ ይላል። ሰውየው የሆቴሎቹን ስም ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ቀኑን ግን ማን ያስታውሳል? የተቀበለውን ሰው ስም ማን ያዘው? የነዚያ ሳምንታት ክፍያ በሙሉ ዕዳ ሆነበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የምንለው እኛው ራሳችን ነን።

ብዙ ሰው ገንዘቡ ራሱ ምን እንደሆነ በደንብ አያውቅም። ባገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሲሰናበት፣ ሁኔታው የሚፈቅድለት ከሆነ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ታይቶ የስንብት ክፍያ አንድ ጊዜ ይሰጠዋል፣ በቃ፣ ጉዳዩ ያልቃል። በየሳምንቱ እየመጣህ ሥራ መፈለግህን አስረዳ የሚለው የለም። እዚህ ግን ነገሩ መድን ነው። ከ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ጀምሮ የቆመ ሥርዓት ነው (የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው፣ ከደሞዛችን አይቆረጥም። ነገር ግን የሚከፈለው እኛ ስለሠራን ነው። ስለዚህ ምጽዋት አይደለም፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። «እኔ የመንግሥት እርዳታ አልወስድም» እያሉ የማይሞሉ ኩሩ ሰዎች አሉን፣ አከብራቸዋለሁ፣ ግን የራሳቸውን መብት ነው ጥለው የሚሄዱት። መድን በመሆኑ ደግሞ ሁኔታዎች አሉት። መሥራት የምትችል መሆን አለብህ፣ ሥራ ቢገኝ ለመግባት ዝግጁ መሆን አለብህ፣ ሥራም በትጋት መፈለግ አለብህ። እነዚህ ሦስቱ ከ2012 ወዲህ በፌደራል ሕግ ላይ በግልጽ ተጽፈዋል፣ የትኛውም ስቴት ሊዘላቸው አይችልም።

ዝርዝሩ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። እኛ አካባቢ ደግሞ ሦስት ሕግ ጎን ለጎን ነው ያለው። ዲሲ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀጣሪ አነጋግሩ ትላለች። ቨርጂኒያም እንዲሁ ሁለት። ሜሪላንድ በሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርጉ ትፈልጋለች። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ቀጣሪን ማነጋገር መሆን አለበት። የቀሩት የሥራ ትርኢት ላይ መገኘት፣ አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባለው የሥራ ማፈላለጊያ ማዕከል የሚሰጠውን ሥልጠና መካፈል፣ ሪዙሜ ማዘጋጀት የመሳሰሉት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁሉም በየሳምንቱ ድረ ገጹ ላይ ይመዘገባል። እና እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። የሚሠራላችሁ የምትኖሩበት ሳይሆን የሠራችሁበት ስቴት ሕግ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ ሆቴል ሲሠራ የነበረ ሰው ክሌሙን፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄውን፣ የሚያስገባው ለዲሲ ነው፣ የዲሲን ሕግ ይከተላል። ጎረቤቱ ሜሪላንድ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሕግ ነው የሚመለከተው። ሁለቱ ደረጃ ላይ ተገናኝተው እርስ በርስ ሲመካከሩ፣ ሁለቱም በቅን ልቦና፣ አንዱ ሌላውን ያሳስተዋል።

ምን ይቆጠራል ለሚለው በግልጽ ልናገር። ጓደኛችሁን ደውላችሁ «እናንተ ጋ ክፍት ቦታ አለ?» ብትሉት አይቆጠርም። እሱ የነገራችሁን ይዛችሁ ሥራ የሚቀጥረውን ሰው ካነጋገራችሁ ወይም ማመልከቻ ካስገባችሁ ግን ያ ይቆጠራል። በሰው መፈለጋችንን አንተው፣ ወደፊትም ይጠቅመናል። ግን እዚያ ላይ አይቁም። ወንድማችሁ ጥቆማ ሲሰጣችሁ ያን ቀን ማታ ኦንላይን አፕላይ አድርጉና የሚላክላችሁን ማረጋገጫ ኢሜይል አታጥፉት። ማረጋገጫ ካልመጣ ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በአካል ከሄዳችሁ ቀኑን፣ የድርጅቱን ስምና አድራሻ፣ ያነጋገራችሁትን ሰው ስም፣ የጠየቃችሁትን ሥራ፣ የተባላችሁትን መልስ ጻፉ። በአማርኛ ብትጽፉትም ለራሳችሁ ማስታወሻ ይሆናችኋል፣ ሲጠየቅ ይገለበጣል። ዋናው በዚያው ቀን መጻፉ ነው። አንዱን ቀጣሪ ደግሞ በየሳምንቱ እየመለሱ መጻፍ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ስለዚህ አዳዲስ ቦታ ጨምሩ።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ተዘግቶ ስለነበር ስቴቶች በፌደራል መንግሥቱ ፈቃድ ሥራ ፈልጉ የሚለውን ግዴታ ለጊዜው አንስተውት ነበር። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ አንኢምፕሎይመንትን መጀመሪያ ያወቁት ያኔ ነው። ያኔ በየሳምንቱ ጥያቄዎቹን መልሶ መላክ ይበቃ ነበር። ግዴታው በ2021 ተመልሷል። የሰዉ አሠራር ግን በ2020 ላይ ቀርቷል። «እኔ ያኔ ስሞላ ማንም አልጠየቀኝም» የሚል ምክር እስካሁን በየቤቱ ይሰጣል። ኡበር ለሚነዱም እንደዚያው ነው። ያኔ በግል ለሚሠሩ የወጣው ልዩ ፕሮግራም በ2021 ሴፕቴምበር አብቅቷል፣ አሁን በተለመደው አንኢምፕሎይመንት ኡበር ብቻ የሚነዳ ሰው ባብዛኛው አይሸፈንም።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በየሰፈሩ ገንዘብ ተቀብለው አንኢምፕሎይመንት የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ቅጹን ማንበብ ያቃታትን እናት መርዳት ጽድቅ ነው፣ በዚህ አልጣላም። ግን እነዚህ ሰዎች የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ይዘውት በየሳምንቱ እሑድ የሁሉንም ሰው ክሌም ተራ በተራ ያስገባሉ። የክሌሙን ባለቤት ምንም አይጠይቋትም። በዚህ ሳምንት ሥራ ፈልገሻል? አዎ። ገንዘብ ሠርተሻል? አይ። ለመሥራት ዝግጁ ነበርሽ? አዎ። ሴትዮዋ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ ወይም ዘመድ ቤት ለሁለት ቀን ልጅ ጠብቃ ትንሽ ገንዘብ አግኝታ ነበር፣ የሚሞላላት ሰው ግን አያውቅም። የሥራ ፍለጋው ሰንጠረዥ ሲመጣ ደግሞ ከአንድ ዝርዝር ላይ የሆቴል ስም እየገለበጡ ለሁሉም ያንኑ ይሞላሉ። ያ ሰንጠረዥ የሚላከው «ይህ እውነት ነው» ተብሎ በእናንተ ስም ተፈርሞ ነው። ሲጣራ ተጠያቂው የሞላው ሰው አይደለም። እናንተ ናችሁ።

ይጣራል ደግሞ። እያንዳንዱ ስቴት በየሳምንቱ ከሚከፍላቸው ክሌሞች የተወሰኑትን በዕጣ አውጥቶ እስከ ሥር የሚመረምርበት የፌደራል ፕሮግራም አለ። መርማሪው ሥራ ጠየቅሁ ያላችሁበት ቦታ ድረስ ይደውላል። የአሜሪካ ሌበር ዲፓርትመንት አላግባብ ተከፈለ ከሚላቸው ምክንያቶች ውስጥ የሥራ ፍለጋው ጉድለት በየጊዜው ከፊት ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ስለዚህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበትም ይወድቅበታል። ሆን ተብሎ ውሸት ተነግሯል ከተባለ ዕዳው ላይ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት እንዲጨመር የፌደራል ሕግ ያስገድዳል። ካልተከፈለ ከታክስ ተመላሽ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ዲሲ ውስጥ በሳምንት የሚከፈለው ትልቁ 444 ዶላር ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ 430። የወራቱ ሲደማመር ስንት እንደሚሆን አስቡት፣ ከዚያ ላይ ቅጣቱን ጨምሩ። የቤት ኪራይ የማይሸፍን ገንዘብ ዞሮ የዓመታት ዕዳ ይሆናል።

ሥራ ሲያጡ አገር ቤት መሄድም እንዲሁ ነው። ይገባኛል። ለዓመታት ፈቃድ አጥቶ እናቱን ያላየ ሰው፣ አሁን ጊዜ አገኘሁ ብሎ ትኬት ቢቆርጥ ማን ይፈርድበታል? ይሂድ። ነገር ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ እዚህ ነገ ሥራ ለመግባት ዝግጁ ነኝ ማለት አይችልም። እሱ እዚያ እያለ ዘመዱ እዚህ ሆኖ ክሌሙን በየሳምንቱ ቢያስገባለት ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማኅተም ይመሰክርበታል። ለእነዚያ ሳምንታት አትጠይቁ፣ ስትመለሱ ክሌሙን እንደገና ታስከፍታላችሁ። ከዚህ የተለየ አቋራጭ አለ የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ትንሽ ሥራ ስለሠራችሁ ገንዘቡ በሙሉ ይቀራል ብላችሁም አትፍሩ። ብዙውን ጊዜ በከፊል ተቀንሶ ቀሪው ይከፈላል። መነገር ያለበት ግን ታክስ ሳይቆረጥ ያለው ገንዘብ ነው፣ ያውም ቼኩ እጃችሁ የገባበትን ሳይሆን ሥራውን የሠራችሁበትን ሳምንት ይዞ። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለም ያው ነው።

ሥራ ፈልግ ማለት ደግሞ ያገኘኸውን ሁሉ ተቀበል ማለት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንዲት እህት ከለመደችው ደሞዝ በጣም ዝቅ ያለ ሥራ «እምቢ ካልሽ ይቋረጥብሻል» ብለው ሰዎች አስፈራርተዋት ገባች። ሕጉ ተስማሚ ሥራ ይላል። ልምዳችሁ፣ ደሞዙ፣ ርቀቱ ይታያል። የፌደራሉ ሕግ ደግሞ ሠራተኞች አድማ ስለመቱ ብቻ ክፍት የሆነ ቦታ አልገባም በማለት፣ ወይም ደሞዙና ሰዓቱ በአካባቢው ለዚያ ሥራ ከተለመደው በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ እምቢ በማለት፣ ወይም ከሠራተኛ ማኅበርህ ውጣ የሚልን ቀጣሪ ባለመቀበል ማንም ክፍያው እንዳይከለከል ይጠብቃል። ሥራ ቀርቦላችሁ ካልተቀበላችሁ ግን አትደብቁት፣ ምክንያቱን ጻፉና ተናገሩ።

ሁሉንም ጥፋት ወገኔ ላይ መጫን አልፈልግም። ሥርዓቱ ራሱ የተሠራው ኮምፒዩተር ፊት ለፊት ለሚቀመጥ ሰው ነው። ሃያ ዓመት አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ሪዙሜ ኖሯት አያውቅም፣ አስፈልጓትም አያውቅም። አሁን ማንም መልስ የማይሰጥበት ድረ ገጽ ላይ በሳምንት ሁለት ማመልከቻ ስታስገባ በወረቀት ደረጃ ሥራ ፈለገች ይባላል። ቀኑን ሙሉ በእግሯ ስትዞር የዋለችበት ግን ሠንጠረዥ ላይ ካልገባ ባዶ ነው። ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም። በስልክ እርዳታ ለማግኘት ስትሞክርም አሳሩን ታያለች። እኔ ራሴ አጠገቧ ተቀምጬ ያየኋት አንዲት እናት፣ ስቴቱን አልጠቅስም፣ አማርኛ አስተርጓሚ ብላ ስትጠይቅ ደጋግመው ሌላ መስመር ላይ እየጣሏት ስልኩ ተቋረጠ። ዲሲ ውስጥ ግን በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፣ በዚያ ሕግ መሠረት አማርኛ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት እንዲሰጡባቸው ከሚጠበቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በየትም ስቴት ቢሆን አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙ። ልጅ የሕግ ቃል አያውቅም፣ «አዎ» በማይባልበት ቦታ «አዎ» ይላል። ካልሰጧችሁም የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ቅሬታ ሲቀርብ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ደብዳቤ ሲመጣም መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ለቀጠሮ የሚጠራ ደብዳቤ አለ፣ በኢሜይልም ይመጣል፣ የማይፈለጉ መልእክቶች መካከል ይደበቃል። ያን ቀጠሮ ያለምክንያት የቀረ ሰው ክፍያው ሊቆም ይችላል። አይገባህም የሚል ውሳኔ ከመጣ ደግሞ ይግባኝ አለ። ሜሪላንድ 15 ቀን ትሰጣለች፣ ቨርጂኒያ 30። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት እንጂ እናንተ ለሰው አስነብባችሁ ከተረዳችሁበት አይደለም። ይግባኙ እስኪታይ በየሳምንቱ ክሌም ማስገባታችሁን፣ ሥራ መፈለጋችሁንና መመዝገባችሁን አታቋርጡ። ብታሸንፉ የሚከፈላችሁ ለጠየቃችሁባቸው ሳምንታት ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ያቆማል፣ በኋላ ይግባኙን ያሸንፋል፣ ግን የሚከፈለው ሳምንት አይኖረውም።

በ2025 መገባደጃ የፌደራል መንግሥቱ 43 ቀን ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ሕንጻ የሚያጸዱና የሚጠብቁ፣ በኮንትራት የሚሠሩ ስንቶቹ ያለ ገንዘብ እንደቀሩ አይታችኋል። ቋሚዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ሥራ ሲመለሱ የቀረባቸው ተከፍሏቸዋል፣ ለኮንትራቶቹ ግን ያ ዋስትና የለም። እነሱን ያቆያቸው ይህ መድን ነው። እንዲህ ያለው ጊዜ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ለእናንተ ለአዘጋጆቹ የምጠይቀው አለኝ። በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ስጡን። ቀን፣ የድርጅቱ ስምና አድራሻ፣ ያነጋገርኩት ሰው፣ የሥራው ዓይነት፣ ያመለከትኩበት መንገድ፣ መልሱ የሚል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ባዶ ሠንጠረዥ አትሙ። ሰው ቆርጦ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፈዋል፣ ማታ ማታ ይሞላዋል። ከሥሩ የሦስቱን አካባቢዎች ሕግ በሁለት በሁለት መስመር ጻፉ፣ ሕጉ ሊለወጥ ስለሚችል ከመታተሙ በፊት ከየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይረጋገጥ። አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና ማኅበራቱም ኮምፒዩተር የሚችሉ ወጣቶቻቸውን በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ያስቀምጡ። ሰዉ የይለፍ ቃሉን በእጁ ይዞ፣ ወጣቱ አጠገቡ ተቀምጦ እያነበበለት፣ መልሱን ራሱ ባለቤቱ ይመልስ። ገንዘብ አይጠየቅበት።

የሠንጠረዡን ረቂቅ አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የምታርሙት ካለ አርሙት፣ ብቻ በሚቀጥለው እትም ይውጣልን።

አክባሪያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ